«ፊልም» እና «ሙቪ»፦ አንዱን ነገር በሁለት ስም መክፈል ስለ ምን?



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። በዚህ መንፈቀ ዓመት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የተለጠፈውን ስም ግን መልአክ አላወጣውም፤ ያወጣው የትርኢት ኮሚቴያችን ነው። ወረቀቱን ያላየ ቢኖር ላስታውሰው። ገጹ በመሥመር ለሁለት ተከፍሏል። በአንደኛው ወገን ራስጌ «ፊልም» ተብሎ ተጽፏል፤ በሁለተኛው ወገን ራስጌ «ሙቪ» ተብሎ ተጽፏል። በ«ፊልም» ሥር የተዘረዘሩት በትልቁ የትምህርት አዳራሽ ይታያሉ፤ ከመታየታቸው በፊት አንድ መምህር ማብራሪያ ይሰጥባቸዋል፤ ከታዩም በኋላ ውይይት ይደረግባቸዋል። በ«ሙቪ» ሥር የተዘረዘሩት ደግሞ ቅዳሜ ማታ በምግብ አዳራሹ ይታያሉ። ማብራሪያ የለ፤ ውይይት የለ፤ መብራት ሲበራ ሁሉም ወደ መኝታው ይበተናል።

ከፍ ባለው ወገን የተጻፉት የኢጣሊያው «የብስክሌት ሌቦች» (1948) እና የስዊድኑ «ሰባተኛው ማኅተም» (1957) ናቸው። ዝቅ ባለው ወገን የተጻፉት የህንዱ «ማዘር ኢንዲያ» (1957)፣ የአሜሪካው «ስታር ዎርስ» (1977) እና ሁለት የአማርኛ ሥራዎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።) ከኮሚቴው አባሎች አንዱን ወንድማችንን «ይህ መሥመር የተሠመረው በምን ሚዛን ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ ሳያመነታ «ፊልም ያሳስባል፤ ሙቪ ያዝናናል» ሲል መለሰልኝ። መልሱ አጭርና ያማረ ነው። ነገር ግን ያማረ ሁሉ እውነት አይደለምና፣ እስቲ አብረን እንመርምረው።

በመጀመሪያ ቃላቱ ከየት እንደ መጡ እንመልከት። «ፊልም» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በጥንት ጊዜ ስስ ቆዳ ወይም ስስ ሽፋን ማለት ነበር። ፎቶግራፍ ከተፈለሰፈ በኋላ ብርሃን ለሚቀበለው ስስ ቅብ ስም ሆነ። በ1889 የአሜሪካው የኢስትማን ኩባንያ በሴሉሎይድ የተሠራ ጥቅል ለገበያ ሲያቀርብ፣ ስሙ ወደ ጥቅሉ ተላለፈ፤ በኋላም ከጥቅሉ ወደሚታየው ታሪክ ተሻገረ። «ሙቪ» ግን «ተንቀሳቃሽ ሥዕል» ከሚለው ረጅም የእንግሊዝኛ አጠራር ተቆርጦ፣ ተራው የአሜሪካ ሕዝብ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ያወጣው የቁልምጫ ስም ነው። እንግዲህ አንደኛው ሥዕሉ የታተመበትን ዕቃ ይነግረናል፤ ሁለተኛው ሥዕሉ የሚያደርገውን ይነግረናል። ታዲያ «ማሳሰብ» እና «ማዝናናት» በየትኛው ቃል ውስጥ ተደብቀው ተገኙ?

ይባስ ብሎ፣ ዕቃው ራሱ ዛሬ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የጃፓኑ ፉጂ ኩባንያ የሲኒማ ጥቅል መሥራቱን በ2013 አቁሟል። ዛሬ በአብዛኛው ሲኒማ ቤት የሚታየው ከኮምፒዩተር የሚወጣ እንጂ ከሴሉሎይድ የሚወጣ አይደለም። ስለዚህ በሰሌዳችን «ፊልም» ተብለው ከከበሩት ሥራዎች ውስጥ፣ በምግብ አዳራሹም ሆነ በትምህርት አዳራሹ፣ አንዱም በፊልም አይታይም! ሁሉም የሚታዩት በአንዱ ማሽን ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ በቃሉም በዕቃውም ካልተገኘ፣ የት ይገኛል? እኔ የምለው በተመልካቹ ላይ ነው፤ ይልቁንም በተመልካቹ ኪስና ልብስ ላይ ነው። ነገሩ ከታሪኩ ይታያል። በ1905 በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ መግቢያው 5 ሳንቲም የሆነ አንድ ማሳያ ቤት ተከፈተ። የ5 ሳንቲሙ ገንዘብ «ኒክል» ስለሚባል ቤቱ «ኒክሎዲየን» ተባለ። ብዙ ዓመት ሳይቆይ እንዲህ ያሉ ቤቶች በየከተማው በሺህ የሚቆጠሩ ሆኑ። በእንጨት ወንበር ላይ ተጨናንቀው የሚቀመጡት እነማን ነበሩ? የፋብሪካ ሠራተኞችና ከየአገሩ የተሰደዱ፣ እንግሊዝኛ ገና ያልለመዱ ድሆች ነበሩ። ሥዕሉ ድምፅ ስላልነበረው ቋንቋ አይጠይቃቸውም ነበርና።

ነጋዴዎቹ ይህ የድሆች ጨዋታ መሆኑ አሳፈራቸው። በ1910 ኤሳነይ የተባለ የቺካጎ ኩባንያ ከሕዝቡ አጠራር የተሻለ፣ የጨዋ ሰው ጆሮ የማይጎረብጥ ስም ለሚያመጣ ሰው ሽልማት አቀረበ። ያሸነፈው ስም «ፎቶፕሌይ» የሚል ነበር፤ «የፎቶግራፍ ተውኔት» እንደ ማለት ነው። በዓመቱም በዚሁ ስም አንድ መጽሔት መታተም ጀመረ። ዛሬ ግን «ፎቶፕሌይ አይቼ መጣሁ» የሚል ሰው ከቶ የት አለ? ስሙ ከበረ፤ ከብሮም ሞተ። ሥራው ግን በስም ሳይሆን በራሱ ጉልበት ከፍ አለ። በ1914 ለዚያው ለተራው ሕዝብ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ሰፊ ሱሪውን ታጥቆ፣ ከዘራውን እያሽከረከረ የወጣው ቻርሊ ቻፕሊን ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎች ይጠናል። ያጠኑት ሰዎች ያስከበሩት እንዳይመስላችሁ፤ አስቀድሞ ያወቁት ባለ 5 ሳንቲሞቹ ናቸው።

«ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ነው» የሚለኝ ቢኖር፣ ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። እዚያ ይህ የሰሌዳችን መሥመር የለም። እንግሊዛዊው የጄምስ ቦንድን ተኩስ ሊያይ ሲሄድም፣ ከባድ የኀዘን ታሪክ ሊያይ ሲሄድም የሚለው «ፊልም» ነው። አንድ ሥራ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ሲሻገር ከአዝናኝነት ወደ አሳሳቢነት ይለወጣል ካላልን በቀር፣ ልዩነቱ የአነጋገር እንጂ የባሕርይ አለመሆኑን መቀበል ግድ ነው። በአሜሪካም ቢሆን መንግሥቱ ራሱ መሥመሩን አያውቀውም። በ1988 በወጣው ሕግ መሠረት የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ 25 ሥራዎች ለመጪው ትውልድ እንዲጠበቁ ይመዘግባል። በ1989 የወጣውን የመጀመሪያውን ዝርዝር ተመልከቱ፦ ምሁራን ሁሉ የሚሰግዱለት «ሲቲዝን ኬን» አለበት፤ እኛ ወደ ምግብ አዳራሽ ያወረድነው «ስታር ዎርስ»ም አለበት። መዝገቡ «ብሔራዊ የፊልም መዝገብ» ይባላል። አንድ ገጽ ነው፤ መሥመር አልተሠመረበትም።

አሁን ወደ ራሳችን ሰሌዳ እንመለስና ከየወገኑ አንድ አንድ ወስደን እንመዝን።

«የብስክሌት ሌቦች» ከጦርነቱ በኋላ በሮም ከተማ ሥራ ያጣ የአንድ አባት ታሪክ ነው። በግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ብስክሌት ያስፈልገዋል። በመያዣ የተያዘችውን ብስክሌት ለማስለቀቅ ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቿን ታስይዛለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ብስክሌቷ ትሰረቃለች። አባትና ትንሽ ልጁ ከተማውን ሲያስሱ ይውላሉ። በመጨረሻ አባት ራሱ ለመስረቅ ይሞክርና በልጁ ፊት ይያዛል። ይህን አይቶ ልቡ የማይነካ ሰው የለም።

«ማዘር ኢንዲያ» ደግሞ የአንዲት ገበሬ ሴት ታሪክ ነው። ለሠርጓ የተበደሩት ገንዘብ ወለዱ እየተቆለለ ምርታቸውን ይበላዋል። ባሏ መሬት ሲያቀና ክንዶቹን ድንጋይ ጨፍልቆበት ያጣል፤ ሸክም መሆኑን ጠልቶም ቤቱን ጥሎ ይጠፋል። እርሷ ሞፈርና ቀንበር ይዛ ልጆቿን ታሳድጋለች፤ ረኀብና ጎርፍም ይፈራረቁባታል። በመጨረሻ ሽፍታ የሆነውን የገዛ ልጇን፣ የመንደሯን ክብር ሊደፍር ሲል በጥይት ትጥለዋለች። ሥራው በ1958 በአሜሪካው የኦስካር ውድድር ከውጭ አገር ፊልሞች መካከል ለሽልማት ታጭቶ ነበር።

ወገኖቼ፤ ዕዳ፣ አራጣ፣ መሬት፣ እናት። ይህ የማያሳስበው ኢትዮጵያዊ ተማሪ ማን ነው? ከእኛ መካከል አያቱ ለአራጣ አበዳሪ ያልሰገደ ስንቱ ነው? ታዲያ የኢጣሊያው ድሃ በትምህርት አዳራሽ፣ የህንዷ ድሃ በምግብ አዳራሽ የተመደቡት ለምንድን ነው? ወንድማችን የሚሰጠው ምክንያት «በህንዱ ውስጥ ዘፈን አለ» የሚል ነው። በዘፈን የሚያለቅስ ሕዝብ ልጅ ሆኖ፣ በለቅሶ ቤት የአልቃሽን ግጥም ሰምቶ ያደገ ሰው፣ ዘፈን ያለበት ኀዘን ኀዘን አይደለም ሲል መስማት ያስገርማል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የሮማው አባት ብስክሌቱ በተሰረቀበት ሰዓት ምን ይለጥፍ እንደ ነበር ያስተዋለ አለ? የለጠፈው የሪታ ሄይዎርዝን ሥዕል ነው፤ የሆሊውድ ተዋናይት፣ የ«ሙቪ» ንግሥት። እንጀራው የተንጠለጠለው በዚያ ወረቀት ላይ ነበር። የ«ፊልማችን» ጀግና የሚበላው ከ«ሙቪ» ነው። ኮሚቴያችን ይህን አይቶ ቢሆን ኖሮ መሥመሩን ለማሥመር እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከተቃዋሚዎቼ ወገን ያለውን ከባድ ክርክር ሸሽቼ ማለፍ አልፈልግም። በ2019 ታዋቂው አሜሪካዊ ዲሬክተር ማርቲን ስኮርሲዜ የማርቭል ኩባንያ የጀግና ታሪኮች ሲኒማ አይደሉም፤ እንደ መዝናኛ መናፈሻ ናቸው ብለው ተናግረው ነበር። ብዙ ሰው ስለ ተቆጣባቸውም በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ሐሳባቸውን አብራርተው ጻፉ። የጻፉትን ያነበበ ሰው የሚያስጨንቃቸው ምን እንደ ሆነ ይረዳል፦ ጥቂት ታላላቅ ኩባንያዎች በገበያ ጥናት የተፈተነ ሥራ ብቻ በየአዳራሹ እየሞሉ፣ አዲስ መንገድ ለሚፈልግ ሠሪ ቦታ እንዳያሳጡት ነው። ይህ ሥጋት እውነተኛ ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ እርሳቸው ስለ ገንዘብና ስለ አዳራሽ ተከራከሩ፤ ሠሪዎቹንም በችሎታቸው አመሰገኑ። የእኛ ኮሚቴ ግን አዳራሹን ራሱ ቆልፎ ክርክሩን ከለከለ። ደግሞም ዛሬ የተናቀው ነገ የሚከብር መሆኑን ታሪክ ያስተምረናል። በ1950ዎቹ ዓመታት በፓሪስ «ካዬ ዱ ሲኒማ» በተባለው መጽሔት የሚጽፉ ወጣቶች፣ አልፍሬድ ሂችኮክ የተባለው የአስደንጋጭ ታሪክ ሠሪ ታላቅ የጥበብ ሰው ነው ብለው ቢከራከሩ ብዙ ሰው ሳቀባቸው። ሂችኮክ በዲሬክተርነቱ 5 ጊዜ ለኦስካር ታጭቶ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። በ1958 የሠራው «ቨርቲጎ» ግን በ2012 የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት የዓለምን ሐያሲያን ድምፅ ሲሰበስብ ለ50 ዓመት በአንደኝነት የቆየውን «ሲቲዝን ኬን» አስለቅቆ አንደኛ ወጣ። እኛ በዚያ ዘመን ብንኖር ሂችኮክን በየትኛው ወገን እንጽፈው ነበር? መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የተባለው ለእንደዚህ ያለው ነው።

አሁን የእኔን ኃጢአት ልናዘዝ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ እኔም «ሙቪ» ማለት ያኮራኝ ነበር። ለዕረፍት ወደ ቤቴ ሄጄ፣ ከእናቴ ጋር አንድ የአማርኛ ፊልም በቴሌቪዥን እናይ ነበር። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ባያት «እማዬ፣ ተዪው እንጂ፤ ይህ እኮ ተራ ሙቪ ነው» አልኋት። «ሙቪ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?» አለችኝ። «ፊልም ነው፤ ግን ዝቅ ያለው» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ «ታዲያ እኔን ያስለቀሰኝ ዝቅ ስላለ ነው፣ ወይስ እኔ ዝቅ ስላልሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። ይህን የምጽፈው ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው።

ሕዝባችን በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ አስተዋይ ሆኖ ተገኝቷል። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት በመጀመሪያው ዘመን የማሳያውን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠርቶት እንደ ነበር የታወቀ ነው። ፈራ፤ ፈርቶም ገባ፤ ገብቶም ለመደ። ከለመደው በኋላ ቤቱን «ሲኒማ ቤት»፣ የሚታየውን «ፊልም» አለው፤ በቃ። «የህንድ ፊልም»፣ «የካራቴ ፊልም»፣ «የፍቅር ፊልም» ብሎ በዓይነቱ ይለየዋል እንጂ በማዕረግ አይከፋፍለውም። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የአማርኛ ታሪኮች በቪዲዮ ካሜራ ተቀርጸው በሲኒማ ቤት መታየት ሲጀምሩ፣ ሴሉሎይድ የሚባል ነገር ያልነካቸው ሲሆኑ፣ ሕዝቡ ያው «ፊልም» ብሏቸው ተሰልፎ ገባ። በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ልጆች «አክተሩ አይሞትም!» «የለም፣ ይሞታል!» እያሉ ሲከራከሩ፣ ስለ ታሪክ አወቃቀር ይወያዩ ነበር። ማብራሪያ የሚሰጥ መምህር ሳይኖራቸው፣ ውይይቱን አልተዉም። እኛ መምህር እያለን ተውነው።

የአማርኛ ፊልሞቻችን እንከን የለባቸውም እያልሁ አይደለም። አንዱ የፍቅር ቀልድ ሌላውን ይመስላል፤ ንግግሩ ይረዝማል፤ ሀብታሙ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቪላ ይኖራል፤ የገጠሩ ሰው የሚታየው ሊሣቅበት ነው። ይህ ሁሉ ሊነገር ይገባል። ነገር ግን የት ይነገር? «ሙቪ ነው» ብለን ካለፍነው ማን ይንገራቸው? የነገሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። «ሙቪ» የሚለው ቃል ስድብ ይመስላል፤ እንዲያውም መጠለያ ነው። ለሰነፉ ሠሪ «ካንተ ምንም አንጠብቅም» ብሎ ያሰናብተዋል። «ፊልም» የሚለውም እንዲሁ መጠለያ ነው፤ አሰልቺውን ሥራ «ያልገባህ አንተ ነህ» እያለ ከትችት ያድነዋል። ሁለቱ ስሞች አንድ አገልግሎት ይሰጡናል፤ ይኸውም አይቶ ከመፍረድ ድካም ያሳርፉናል። ያየ ሰው «ይህ መልካም ነው፤ ይህ ክፉ ነው፤ ስለዚህና ስለዚህ» ይላል። ያላየ ሰው «ፊልም ነው፤ ሙቪ ነው» ይላል።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1976 ያወጡት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ16 ሚሊሜትር፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ የገበሬና የባለመሬት ታሪክ ነው። ኮሚቴያችን አንድ ቀን ቢያመጣው በ«ፊልም» ሥር እንደሚጽፈው አልጠራጠርም። መልካም። ነገር ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ የሚያርሱት ሰዎች ልጆች ዛሬ ቅዳሜ ማታ በምግብ አዳራሹ የሚቀመጡት ናቸው። ስለ ገበሬ የተሠራውን ከፍ አድርገን፣ ገበሬው የሚወደውን ዝቅ ካደረግን፣ ለሕዝብ እንቆረቆራለን ማለታችን ከንቱ ነው። በትምህርት ቤት ያገኘነው ዕውቀት ከወላጆቻችን የሚለየን አጥር ከሆነ፣ ያጠረው ባዕድ አይደለም፤ እኛው ነን።

ስለዚህ ለኮሚቴው ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ መሥመሩ ይጥፋ፤ በወረቀቱ ራስ ላይ «ፊልም» የሚለው አንድ ቃል ብቻ ይቅር፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን የሚጠሩበት ነውና። ሁለተኛ፣ ሁሉም በተራ በሁለቱም አዳራሽ ይታይ፤ ከእያንዳንዱም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ውይይት ይደረግ፤ ከአማርኛዎቹ በኋላ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ጠንካራ ውይይት ይደረግ፤ የእኛ ናቸውና። ሦስተኛ፣ ያላየ ሰው በውይይቱ አይናገር፤ ፕሮፌሰርም ቢሆን፣ ተማሪም ቢሆን።

ክቡራን መምህራን፤ እናንተንም እለምናለሁ። ስለ «ሰባተኛው ማኅተም» ማብራሪያ መስጠት አይከብዳችሁም፤ ብዙ መጽሐፍ ተጽፎበታል። አንድ መጽሐፍ ያልተጻፈበትን የአማርኛ ፊልም አይታችሁ ደካማውንና ጠንካራውን ብትለዩልን ግን ውለታችሁ ይበልጣል። ያ ገና ማንም ያልሠራው ሥራ ነውና።

ለኮሚቴው ወንድሜም ቂም የለኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ «ማዘር ኢንዲያ» ይታያል። እኔ በምግብ አዳራሹ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ እገኛለሁ፤ አጠገቤም ቦታ እይዝለታለሁ። አብረን እንይ። መብራቱ ሲበራ ካላሳሰበው፣ ይንገረኝ፤ እከራከረዋለሁ። ካሳሰበው ደግሞ በማግስቱ እርሳሱን ይዞ ወደ ሰሌዳው እንሂድ።

ከአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ